የተሰበረ ካርዳን፦ ማስበየድ ወይስ ሙሉውን መቀየር?

ከወልዲያ ወደ ላሊበላ በሚወስደው ዳገት ላይ የላንድክሩዘር የኋላ ካርዳን (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ) ቱቦው ቢበጠስ ምርጫው ሁለት ነው።

ብየዳው ርካሽ ነው፣ በዚያው ቀን ያልቃል። ጣጣው ከልክነቱ ይመጣል። ቱቦው ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚያስተካክል ማሽን) ላይ ታስሮ ካልተቃና፣ የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ካልዋሉና ባላንስ ካልተደረገ፣ ፍጥነት ሲጨምር መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ ክሮቸራውን (በካርዳኑ ጫፍ ያለውን ባለ መስቀል መታጠፊያ) እና የዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን ክፍል) ኩሽኔታ ይበላል። ብየዳ የሚመከረው ቀስ ብሎ ደሴ ለመድረስ ብቻ ነው።

ያገለገለ ሙሉ ካርዳን ዋጋው ይከብዳል፣ ግን ያሳርፋል። ርዝመቱንና የፍላንጁን (በብሎን የሚታሰረውን የጫፍ ሳህን) ቀዳዳዎች ርቀት ከአሮጌው ጋር ይለኩ፤ የአጭር ሻሲ ለረጅሙ አይሆንም። ተንሸራታች ጥርሱን (ካርዳኑ እንዲረዝምና እንዲያጥር የሚያደርገውን ገብ-ወጥ ክፍል) በእጅ ይዘው ያወዛውዙ፤ ከተንቀጫቀጨ አይግዙት። ክሮቸራው ሲታጠፍ ያዝ ለቀቅ ካደረገም ውስጡ ያሉት መርፌ መሰል ኩሽኔታዎች ተበልተዋል።

ከመፍታትዎ በፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ፤ ካርዳኑ ከወጣ ማርሽ የኋላውን ጎማ አይይዝም። ፍላንጁ ላይ ምልክት አድርገው በየጫፉ ያሉትን 4 ብሎኖች ይፍቱ። ሲገጥሙ ዳዶዎቹን በአዲስ ይተኩ፣ ግራሶ ይሙሉ።

ካርዳኑን አውጥቶ በፊት ጎማ ብቻ መሄድም ይቻላል፤ ዳገት ላይ ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ የፊቱ ጎማ ይሽከረከራል።