ለመስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚሰጥ የቡድን ምክር፦ የአንዲት እናት ግምገማ

የ16 ዓመት ልጄ መስማት የተሳናት ናት። ከሚሰሙ ተማሪዎች ጋር መማር ከጀመረች ወዲህ ሰሌዳ ፊት እንድትቆም ስትጠራ እጇ ይንቀጠቀጥ፣ ጠዋት ጠዋትም ሆዴን አመመኝ እያለች ከትምህርት ትቀር ነበር። በመምህሯ ምክር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማዕከል ለ10 ሳምንታት በየቅዳሜው በሚሰጠው የቡድን ምክር አገልግሎት አስመዘገብኋት።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ባለሙያዋ ራሳቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚችሉ መሆናቸውን ነው። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ በአስተርጓሚ በኩል የግል ምክር ሞክረን ነበር፤ ነገር ግን አስተርጓሚ ጥቂት በሆነበት ከተማ፣ ዛሬ ምስጢሯን የሰማውን ሰው ነገ ትምህርት ቤቷ ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለምታገኘው ልጄ የልቧን ሳትናገር ቀረች።

በ6ኛው ሳምንት ተማሪዎቹ ፈቅደው ወላጆች ገባን። ስምንቱም ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲተያዩ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ ስሙን በጣት ፊደል ሊያሳይ ተነሣ። የጣት ፊደላችን ለእያንዳንዱ ተነባቢ የእጅ ቅርጽ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ድምፆች ደግሞ የተለያየ የእጅ እንቅስቃሴ ስላለው፣ እንቅስቃሴው ሲሳት ቃሉም ይሳታል። ልጁ ሦስት ጊዜ ተሳስቶ እጁን አወረደ። ባለሙያዋ አላረሙትም፤ «ይህ የደረሰበት ማነው?» ብለው ቡድኑን ጠየቁ። ሰባቱም እጃቸውን አነሡ፣ ልጄም ጭምር። ልጁ ዙሪያውን አይቶ እንደገና ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ስሙን ጨረሰ፣ ሁሉም እጃቸውን ወደ ላይ እያወዛወዙ አጨበጨቡለት። እኔ ብቻዬን ለሁለት ዓመት «አይዞሽ» ያልኩት ያላደረገውን፣ እነዚያ ሰባት እጆች አደረጉት።

ጉድለትም አለው። ባለሙያዋ የሚቀመጡት መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፊታቸው ይጨልማል፤ በምልክት ቋንቋ ደግሞ ጥያቄ ከመግለጫ የሚለየው በቅንድብና በፊት ገጽታ ጭምር ነው። ለወላጆች የምልክት ቋንቋ ትምህርት አለመኖሩም ያሳዝናል፤ ልጄ ቅዳሜ የምትከፍተውን ልቧን እሑድ ቤት ውስጥ የሚያነብላት እንዳታጣ እኔ ለብቻዬ ሌላ ቦታ ተመዝግቤያለሁ።

ልጄ አሁንም ትፈራለች። ሆኖም ባለፈው ወር አስተርጓሚዋን አጠገቧ አቁማ ስለ ደም ዝውውር ክፍሏ ፊት አስረድታለች። ለሚቀጥለው ዙር ራሷ ተመዝግባለች፤ ሌሎች ወላጆችም ከመክፈላቸው በፊት፣ መካሪው ያለ አስተርጓሚ በምልክት ቋንቋ ይግባባ እንደሆነ አስቀድመው እንዲጠይቁ እመክራለሁ።