የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ፦ ሐዋሳ ውስጥ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ

ምርመራው ራሱ በጥንቃቄ ይሠራል። ነርሷ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) በጥጥ የማህፀን በሩ ላይ ቀብታ 1 ደቂቃ ሙሉ ትጠብቃለች። ቸኩሎ ያየ ሰው ጤናማ ባልሆነው ቦታ ላይ የሚታየው ነጭ ለውጥ ሳይወጣ «ደህና ነሽ» ብሎ ይሸኛል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

ድክመቱ አጠያየቁ ላይ ነው። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚጠየቀው በሩ ገርበብ ብሎ፣ ወረፋ የያዙት እየሰሙ ነው። እንዲህ የተጠየቀች ሴት እውነቱን ትደብቃለች፤ መደበቋም ተገቢ ነው! በሩን ዘግቶ፣ «ይህን ሁሉንም ሴት እንጠይቃለን» ብሎ መጀመር፣ ከዚያ በግንኙነት ጊዜ ሕመም ወይም ከግንኙነት በኋላ ደም መኖሩን በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሲዳምኛ የምትናገር ነርስ መኖሯ ግን በጣም ያስመሰግናል፤ አማት ወይም ልጅ ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ መሆን የለባቸውም። ከወገብ በታች የሚሸፈኑበት ነጠላ ይዛችሁ ሂዱ። የወር አበባ ላይ ከሆናችሁ ቀኑን አዛውሩት።