«አብሮዎት የመጣ ሰው የለም?»

ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራዬ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መንከባከብ ነው። እዚያ ካለነው የሐበሻ ሴቶች ብዙዎቻችን የያዝነው ይህንኑ ሥራ ነው። አዲስ ሰው ስንረከብ ስድስት ነገር ይጠየቃል፦ ገላቸውን ራሳቸው ይታጠባሉ? ይለብሳሉ? መጸዳጃ ቤት ይሄዳሉ? ከአልጋ ተነስተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ? ሽንትና ሰገራቸውን ይቆጣጠራሉ? በእጃቸው ይጎርሳሉ? ሰውዬው ጄኔራል ሆኖ ይሁን ዘበኛ፣ ጥያቄው ያው ነው።

ዘንድሮ እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስገባ ይህ የመመዘን አባዜ አብሮኝ ገባ። ስለዚህ ይህ የሆቴልና የክትፎ ቤት ግምገማ አይደለም። ከእናቴ ጋር የተገለገልንባቸውን ነገሮች ነው የማወራው። እናቴ ጡረታ የወጣች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሰባን አልፋለች። ግፊትና ስኳር አለባት፣ ግራ ዓይኗን ደግሞ ሞራ ጋርዶት ነበር። መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ አገልግሎት እናቴ ብቻዋን ብትመጣ ይሳካላታል ወይ?

ከባንክ ልጀምር። ጡረታዋ በየወሩ ሒሳቧ ውስጥ ይገባል። በቀኑ መግባቱን አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ፤ ገበያ ላይ የሚገዛው ነገር ማነሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቅርንጫፉ ስንደርስ ጥበቃው ራሱ «እማማ፣ ወደ ፊት ይምጡ» ብሎ ወንበር ሳበላት። እስከዚህ ድረስ አሪፍ።

መስኮቱ ጋ ነገር ተበላሸ። ገንዘብ ከፋይዋ የወጪ ቅጹን አየች፣ ስክሪኑን አየች፣ ተመልሳ ቅጹን አየች። «እማማ፣ ፊርማዎት አይመሳሰልም።» ስክሪኑ ላይ ያለው እናቴ ገና በሥራ ላይ ሳለች የፈረመችው ነው፤ ጭራው ወደ ላይ ተጠምዝዞ ቀጥ ብሎ ያልቃል። አሁን እጇ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ቅጽ ሰጧት፣ ፈረመች፣ አልሆነም። ደግማ ፈረመች፤ ጭራው ጭራሽ ከመስመሩ ወጣ። «ልጄ፣ እኔው ነኝ እኮ!» አለች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፤ ግራ ገብቷታል። በመጨረሻ «አብሮዎት የመጣ ሰው የለም?» አለቻት።

አለ፤ እኔ አለሁ። ተነሳሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ፣ ትንሽ ተጨቃጨቅን፣ የፊርማ ናሙናው ታደሰ፣ ገንዘቡ ወጣ። ነገር ግን እናቴ ፋይዳ መታወቂያ አላት። አሥሩም ጣቶቿ፣ የዓይኗም አሻራ ሳይቀር ተመዝግቧል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ደንበኛ ደግሞ ለጡረታ ከፋይ ባንክ ብርቅ አይደለም፤ በየወሩ የሚመጣው እሱው ነው። በኔ መለኪያ ወድቋል።

የዓይን ሕክምናው ግን ሌላ ታሪክ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከሞራ ግርዶሽ ነበር። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይነሳል፣ ሌንስ ይተካል፣ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። አንድን አረጋዊ ከሰው እጅ ጠባቂነት አውጥቶ መልሶ በእግሩ የሚያቆም፣ ከዚህ የረከሰ ሕክምና አላውቅም። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳላት እናቴ ዙሪያዋን ቃኘችና ፊቴ ላይ ቆመች። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ሸብተሻል እንዴ?» ሐኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ሐኪሙና ነርሶቹ አንደኛ ናቸው። ሕንጻው ግን እንደ ጤነኛ ሰው ነው የሚያስበው። ካርድ ክፍል ምድር ላይ፣ ምርመራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍያ ተመልሶ ምድር። ሊፍቱ አይሠራም። በየመስኮቱ የሚጠራው ደግሞ ታማሚው ሳይሆን አስታማሚው ነው። ደረሰኝ የሚያመጣ፣ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛ፣ ውጤት የሚያመላልስ፣ ሁሉንም አስታማሚ ነው። ደሞዝ የማይከፈለው የሆስፒታሉ ሠራተኛ በሉት። ከኛ አጠገብ ከገጠር ብቻቸውን የመጡ አንድ አባት ነበሩ። የጤና መድኅን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። የሰው ሁሉ ስም ሲጠራ እሳቸው ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ። እናቴ «ሂጂ እሳቸውንም አስጨርሺላቸው» ብላ ላከችኝ። ደረጃውን ወጣሁ፣ ወረድኩ።

እዚህ ላይ ስለ አገሮች ደረጃ ትንሽ ላውራ። ሄልፕኤጅ ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ግሎባል ኤጅዎች ኢንዴክስ በሚል አገሮችን በአረጋውያን አያያዛቸው ያወዳድር ነበር። የመጨረሻው ላይ 96 አገሮች ተካተዋል፤ ስዊዘርላንድ አንደኛ፣ አፍጋኒስታን መጨረሻ ወጥተዋል። የሚመዝነው አራት ዘርፍ ነው፦ ገቢ፣ ጤና፣ ትምህርትና ሥራ፣ እንዲሁም አካባቢው ምን ያህል ይመቻል የሚለው። ከመጨረሻው ዘርፍ ውስጥ የሕዝብ ትራንስፖርት መግባቱን ወድጄዋለሁ። አንዱ ጥያቄ ግን አልተዋጠልኝም። ችግር ሲገጥምህ የሚደርስልህ ዘመድ ወይም ወዳጅ አለህ ወይ ይላል። አለኝ የሚል ከበዛ አገሪቱ ነጥብ ታገኛለች። እኔ ባየሁት ግን የባንኩን ፊርማና የሆስፒታሉን ደረጃ የሸፈነው ይኸው ዘመድ ነው። ዘመዱ ስለደረሰ መሥሪያ ቤቱ ምንም የጎደለው አይመስልም። እኛ አገር ዘመድ ሞልቷል፣ ስለዚህ ጥሩ ነን ማለት ነው? እነዚያን አባት ማን ቆጠራቸው?

በነገራችን ላይ መቁጠሩ ራሱ ችግር ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ቀጣዩ እየተራዘመ እዚህ ደርሰናል። በየጊዜው የሚወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ስለ ጤናቸው በዝርዝር የሚያነጋግራቸው ሴቶች ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው፤ ወንዶቹን እስከ 59። ጥናቱ በዋናነት ስለ ወሊድና ስለ ሕፃናት ስለሆነ ይገባኛል። ግን ማረጥ ያለፋት ሴት ጉልበቷን ይመማት፣ ትውደቅ፣ ማን ይጠይቃታል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንደሚረዳ ይናገራል። ለመርዳትም መጀመሪያ የት እንዳሉ ማወቅ ነው።

ብቻ አሜሪካ ገነት ናት አላልኩም። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን ሆስፒታል ለተኛ ይከፍላል፤ ለዓመታት ገላ የሚያጥብ ሰው ቅጠሩልኝ ቢሉት ግን አይሰማም። ያ ወጪ ስንቱን ቤቱን አሸጦታል።

ደስ ያለኝን ልንገራችሁ። ቤት ለቤት የምትመጣ ነርስ ቀጠርን። በሰዓቷ ትመጣለች፣ ግፊትና ስኳሯን ትለካለች፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። እኔም እዚያ የለመድኩትን ፈተና አሳየኋት፦ ከወንበር ተነስቶ 3 ሜትር መሄድ፣ ዞሮ መመለስ፣ መቀመጥ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። «ስንት አገኘሁ?» አለች፤ መምህርት አይደለች! አላለፈችም። ነርሷ አሁን በየሳምንቱ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ታለማምዳታለች። ብቻዋን ብትሆንም የሚሠራ ብቸኛው አገልግሎት ይህ ነው፤ መክፈል ለሚችል ማለቴ ነው። ዶላር የሚልክ ልጅ ለሌለው እንግዲህ…

መንገዱስ? የኮሪደር ልማቱ የደረሰበት ላይ የእግረኛው መንገድ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ መቀመጫም አለው። አራት ኪሎ ላይ እናቴ ክንዴን ለቃ ሄደች። እዚያ መድረሱ ነው ጣጣው፤ ከቤቷ እስከ ዋናው መንገድ ያለው ኮብልስቶን ግማሹ ተነቅሏል። ታክሲ ላይ ወጣቱ ይነሳላታል፣ ረዳቱም «ማዘርን አስቀድሙ» ይላል። የሥራ ባልደረባዋ ግን ኮንዶሚኒየም ደርሷት አራተኛ ፎቅ ናት፤ ሊፍት የለውም። ቤተ ክርስቲያን መሳም ካቆመች ቆይታለች። በስልክ ነው የሚገናኙት።

እድሩ ጋም ሄጃለሁ። ለቀብር የጎደለው የለም፦ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህን ተቆጥሮ ተቀምጧል። ለሞተ ሰው ይህን ያህል የተደራጀ ማኅበር፣ ለወደቀ ሰው አንድ ዊልቸር ገዝቶ ለምን አያውስም? ለሰብሳቢው ጠየቅኳቸው፤ የመጀመሪያውን እኔ እገዛለሁም አልኩ። ጋሼ ዝም ብለው አሰቡና «ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይቅረብ» አሉኝ። ዊልቸሩን ገዝቼ እናቴ ሳሎን ትቼዋለሁ፤ ጉባኤው ሲወስን ይውሰዱት።

ከመመለሴ በፊት ለአክስቴ ልጅ የባንክ ውክልና አሰጠናት። አገር ቤት ወላጅ ያላችሁ፣ በገባችሁ ሳምንት ይህን ጨርሱ፤ ለመጨረሻ ቀን አትተዉት። ፊርማውንም እዚያው አሳድሱ። የእናቴ የቀኝ ዓይን ቀጠሮ ለጥር ነው። ማን ይዟት እንደሚሄድ የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ እስካሁን እየተጨቃጨቅን ነው።