የወገብ አከርካሪ ሞዴል፦ ነርቩ አንደኛ፣ ዲስኩ ግን አያሳምንም

ለፊዚዮቴራፒ ክፍልና ለአናቶሚ ትምህርት ከሚሸጡት ሞዴሎች በብዛት የሚታየው ይኸኛው ነው፦ አምስት የወገብ አጥንቶች ከነሴክረሙ (ከወገብ በታች ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት)፣ በመካከላቸው እንደ ትራስ የሚገቡት ዲስኮች፣ ቢጫ የነርቭ ጎማዎች፣ አንድ ቀይ ያበጠ ዲስክ፣ ከታች መቆሚያ። የአምራች ስም የለውም። ሳጥኑ ላይ «በሰው ልክ የተሠራ» ይላል።

ለአጥንቶቹ እውነት ነው። በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ሲለኩ ከጎን ወደ ጎን 48 ሚሊሜትር፣ ከፊት ወደ ኋላ 35 ይመጣሉ፤ የአዋቂ ሰው ልክ ነው። ችግሩ ዲስኮቹ ጋ ነው። አምስቱም 8 ሚሊሜትር፣ ፊታቸውም ጀርባቸውም እኩል፤ ከአንድ ሞልድ እንደወጡ ያስታውቃሉ። የሰው ወገብ እንዲህ አይደለም። የላይኛው ዲስክ ቀጭን ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ እየወፈረ ሄዶ ኤል4-ኤል5 ላይ (በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል) ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊሜትር ያልፋል። የመጨረሻው ኤል5-ኤስ1 (በአምስተኛው አጥንትና በሴክረሙ መካከል ያለው) ከሰው ሰው ይለያያል፤ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ፊቱ ወፍሮ ጀርባው የሳሳ እሱ ነው። የወገብ ጉብጠት (ወደ ፊት የሚገባው ኩርባ) በአብዛኛው የሚመጣው ዲስኮቹ እንዲህ ፊታቸው ወፍሮ ጀርባቸው ስለሚሳሳ ነው። አምራቹ ጉብጠቱን በጠፍጣፋ ዲስክ ማምጣት ስላልቻለ የመሐሉን ዘንግ አጉብጦታል፤ በዚህም የተነሳ ከኤል5 ሥር ፊት ለፊት ቢላ የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል፣ ከኋላ ደግሞ ትንንሾቹ መገጣጠሚያዎች ተጨቁነዋል። ይህን ያየ ተማሪ የእውነት መስሎት ቢይዘው አይፈረድበትም።

ዲስኮቹ ከላይ ሲታዩም ሁሉም የኩላሊት ቅርጽ ናቸው፣ ጀርባቸው ወደ ውስጥ የገባ። ለላይኞቹ ትክክል ነው። ኤል4-ኤል5 ላይ ግን ጀርባው ቀጥ ይላል፣ ኤል5-ኤስ1 ላይ ጥቂት ወደ ውጭ ይከብባል። ይህን የማያውቅ ሰው ኤምአርአይ ሲያነብ ጤነኛውን የመጨረሻ ዲስክ «አብጧል» ሊል ይችላል። እኛ ትልቁ ጉድለት የምንለው ይህንን ነው።

ቀዩ ዲስክ ኤል4-ኤል5 ላይ መሆኑ ጥሩ ምርጫ ነው፤ እብጠቱም በትክክል ከኋላ ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ነርቩ ላይ ደግሞ የሠራው ሰው ሥራውን ያውቃል። የኤል4 ነርቭ ከዲስኩ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ እብጠቱ የሚነካው ወደ ታች የሚያልፈውን ኤል5 ነው። ለታካሚ «ወገብዎ ታሞ የእግርዎ አውራ ጣት ለምን ይደነዝዛል» የሚለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ብቻ ቀዩን ዲስክ እንደ መሳቢያ ስበው እያወጡ አያሳዩ። የእውነተኛው ዲስክ ላዩም ታቹም ከአጥንቱ ጋር ተያይዟል፣ ከቦታው አይወጣም፤ የዳሩ ቀለበት ሲቀደድ የሚወጣው የመሐሉ ዝልግልግ ነው።

የመጨረሻውን ዲስክ ማስተካከል ይቻላል። ከመቆሚያው ሥር ያለውን ዳዶ ፈተው ሴክረሙን ያውጡ። ከጠንካራ የነጠላ ጫማ ሶል ፊቱ 13፣ ጀርባው 5 ሚሊሜትር የሆነ ሽብልቅ ይቁረጡ፤ በ35 ሚሊሜትር ርዝመት 13 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ዘንጉ የሚያልፍበትን የሽብልቁን ቀዳዳ ከዘንጉ 1 ሚሊሜትር ያስፉት፤ ከጠበበ ሽብልቁ ይጣመማል። ዳዶውን እስከ መጨረሻው አያጥብቁ፣ ሶሉ ይጨፈለቃል። የለቀቀ አድርገው ቢተዉት ደግሞ አጥንቶቹ እንደ ልብ ይዞራሉ፤ የወገብ አንጓ ግን ለብቻው የሚዞረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው።

የነርቭ ጎማዎቹ ማጣበቂያ ቶሎ ይለቃል። ሱፐር ግሉ ይደርቅና ጎማው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ የጫማ ሠሪ ማስቲሽ ይሻላል።

ለታካሚ ምክር የሚፈልግ ይግዛው። ለተማሪ ልኬት ወይም ለቀዶ ሕክምና ልምምድ ከሆነ ግን ሻጩ ፊት ካሊፐር አውጥተው የኤል5-ኤስ1ን ዲስክ ፊትና ጀርባ ይለኩ፤ እኩል ከሆነ ሌላ ይጠይቁ።