ዋይካንት፦ ውኃ እያስቋጠረ የሚያክመው ፈሳሽ ለጠቆር ያለ ቆዳ እንዴት ነው?

ሞለስከም የሚባለው የቆዳ ቫይረስ መሀላቸው ስርጉድ ያለ ትናንሽ እብጠቶች ያወጣል። ዋይካንት ለእሱ የተሠራ፣ 0.7 በመቶ ካንታሪዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ከ2 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እንዲሰጥ ፈቅዶታል። የሚቀባው የጤና ባለሙያ ብቻ ነው።

ካንታሪዲን የቆዳ ሴሎችን እርስ በርስ ያያያዙትን ማሰሪያዎች የሚበጥሱ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ሴሎቹ ሲላቀቁ መካከላቸው ውኃ ይቋጥራል፤ ቫይረሱ ያለበት ክፍልም አብሮ ተገፍፎ ይወድቃል። ቁስሉ በላይኛው ሽፋን ስለሚቀር አብዛኛውን ጊዜ ጠባሳ አይተውም። በዚህ በኩል ምርቱ ምስጋና ይገባዋል።

የቀለሙ ነገር ግን በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ቀለም የሚያመርቱት ሜላኖሳይቶች የሚገኙት በዚያው ሽፋን ወለል ላይ ነው፤ ቀለሙን በረጃጅም ክንዶቻቸው ለጎረቤት ሴሎች ያድላሉ። ጎረቤቶቹ ሲላቀቁ ዕደላው ይቋረጣል፣ ሜላኖሳይቱ ራሱም ከተጎዳ ቦታው ይነጣል። ከፀጉር ሥር አዳዲስ ሜላኖሳይቶች ወጥተው እስኪተኩ ድረስም ነጥቶ ይቆያል። በተቃራኒው ብግነቱ ሜላኖሳይቶቹን ካነሣሣ ቀለም ከልክ በላይ ይመረታል። የተወሰነው ወደ ታችኛው ቆዳ ሲወርድ በዚያ ያሉ በላተኛ ሴሎች ውጠው ይይዙታል፤ ይህ ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሁለቱም ጎልተው ይታያሉ።

ስለዚህ አቀባቡ ወሳኝ ነው። ፈሳሹ እብጠቱ ላይ ብቻ በስሱ ይነካል፣ ዙሪያውን አይነካም። ልብስ ሳይነካው 5 ደቂቃ ይደርቃል፤ በፕላስተርም አይሸፈንም፣ ከተሸፈነ ቋጠሮው ይበረታል። ከ24 ሰዓት በኋላ በሳሙናና ውኃ ይታጠባል፤ ሕመሙ ወይም ቋጠሮው ከበረታ ግን ቀድሞ መታጠብ አለበት። ወይን ጠጅ ቀለም ስላለው የተቀባው ቦታ በግልጽ ይለያል፤ ይህ ለቀቢውም ለወላጅም ትልቅ እገዛ ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መቀቢያ በላይ አይውልም፣ የሚደገመውም በየ3 ሳምንቱ ነው። ዓይንና አፍ አካባቢ አይቀባም። በቀላሉ ስለሚቀጣጠልም ታጥቦ እስኪወገድ ከእሳት ይራቅ።

በሁለቱ ዋና ሙከራዎች በ84ኛው ቀን እብጠቶቻቸው ሙሉ በሙሉ የጠፉላቸው 46 እና 54 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ከተቀቡት ግን 18 እና 13 በመቶ ብቻ። ውጤቱ ጥሩ ነው። ሆኖም ሞለስከም ብዙ ጊዜ በራሱ የሚጠፋ በሽታ በመሆኑ፣ ፊት ላይ ለወጡ ጥቂት እብጠቶች የቀለም ለውጥን አደጋ መግዛት አይመከርም። ለብዙ እብጠት፣ በተለይም በልብስ ለሚሸፈን ገላ፣ ተመራጭ ነው። ቋጠሮው ከዳነ በኋላ ቦታውን ከፀሐይ መከለል፣ ቅርፊቱንም አለመላጥ ቀለሙ ቶሎ እንዲመለስ ይረዳል።