ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ የዲዛይን ፋይል ሲስተም ስታስገቡ ይህን እወቁ

ብረታ ብረት ቤት ያላችሁ፣ ማሽን የምትሠሩ፣ ዲዛይን ቢሮ የከፈታችሁ ወገኖቼ፣ «ፋይላችሁን በሲስተም ላደራጅላችሁ» የሚል ሰው ከመጣ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡት። እኛ ቸኩለን ፈርመን 180 ሺህ ብር ከፈልን። ብሩ ይቅር፣ የ6 ዓመት ሥራችን ነው ያንገበገበን።

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለን። የወፍጮ ክፍሎች፣ የእህል ማጓጓዣ ስክሩ፣ የብረት ጣሪያ እንሠራለን። ሶሊድወርክስ በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር የምንስለው 4 ነን። ፋይሉ በየኮምፒውተሩና በየፍላሹ ተበታትኖ ነበር። አንድ ቀን ቶርኖ ላይ ያለው ልጅ ሻፍቱን በ45 ሚሊሜትር አወጣው። ዲዛይኑ ወደ 50 ከተለወጠ ሳምንት አልፎታል፤ ልጁ የያዘው ግን የድሮውን ድሮዊንግ ነው። ብረቱም ቀኑም ባከነ። ሲስተም ያስፈልገናል ያልነው ያኔ ነው። አሁንም ያስፈልጋል እላለሁ። አንዱ ፋይል አውጥቶ ሲሠራ ሌላው ከማየት በቀር መንካት አይችልም፤ የቀድሞው ቅጂም አይጠፋም። ይህ ትልቅ እረፍት ነው።

የመጣው ሰው ንግግሩ ጨዋ ነው። «አብሽሩ፣ በ3 ቀን አስረክባችኋለሁ» አለን። ግማሹን ቅድሚያ ከፈልን። በ3ኛው ቀን ሠርቶ አሳየን። ፋይል ይገባል፣ ይወጣል፣ ሪቪዥኑ (ስንተኛ ቅጂ እንደሆነ) ይቆጠራል። «በየኮምፒውተሩ ያለውን የድሮውን አጥፉት፣ ግራ ያጋባችኋል» አለን፤ አጠፋን። ቀሪውንም ክፍያ በዚያው ቀን ሰጠነው።

5 ወር እንደቆየ መብራት ሄድ መጣ ሲል ፋይላችን ሁሉ የተቀመጠበት የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ሞተ። ሰርቨር የተባለው ተራ ዴስክቶፕ ነው፤ መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ዩፒኤስ እንኳ አልነበረውም። ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አለን ብለን አልደነገጥንም። የባክአፑን ዲስክ ከፈትነው። የምናውቀው ስም አንድም የለም። ከ0 እስከ 9፣ ከኤ እስከ ኤፍ የተሰየሙ ፎልደሮች፤ በውስጣቸው ሌላ ፎልደር፤ በዚያም ውስጥ 00000001፣ 00000002 የሚሉ ፋይሎች። እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ያስገባልን ሲስተም ሶሊድወርክስ ፒዲኤም ይባላል፤ ሥራችሁን ሁለት ቦታ ከፍሎ ነው የሚይዘው። ፋይሉ ራሱ አርካይቭ በሚባል ማከማቻ ውስጥ በቁጥር ይቀመጣል። ስሙ፣ የነበረበት ፎልደር፣ ማን መቼ እንደለወጠው፣ የትኛው ፓርት (ነጠላ ክፍል) የየትኛው አሴምብሊ (ከክፍሎች የተገጣጠመ ዲዛይን) እንደሆነ ደግሞ ኤስኪውኤል ዳታቤዝ በሚባል መዝገብ ላይ ይመዘገባል። የእኛ ባክአፕ የያዘው አርካይቩን ብቻ ነው። አሴምብሊ ፓርቶቹን የሚፈልገው በስማቸው ነው፤ ስም ከሌለ ሲከፈት ባዶ ነው።

ሰውየው «ባክአፑ ማታ ማታ በራሱ ይሠራል» ብሎን ነበር። ለዳታቤዙ የጫነልን ኤስኪውኤል ኤክስፕረስ የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፣ ለእኛ ዓይነት ቤትም ይበቃል። ግን በሰዓቱ ባክአፕ የሚያደርገው ኤጀንት የሚባለው ክፍል የለውም። ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው በዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለር ማዘዝ ይቻል ነበር፤ አላዘዘም። የአድሚን ፓስወርዱን ስንጠይቀው ደግሞ ሌላ ክፍያ ጠየቀ። ውላችን ላይ ስለ ፓስወርድ አንድ ቃል አልተጻፈም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሶሊድወርክስ ፕሮፌሽናል ወይም ፕሪሚየም ፈቃድ ያለው ሰው ፒዲኤም ስታንዳርድ የሚባለውን የፒዲኤም ዓይነት አብሮ ያገኛል። እኛ ፈቃዱ አለን። ሰውየው ግን «የሶፍትዌር ዋጋ» ብሎ ለብቻው አስከፈለን። ኢንቬንተር የሚባለውን የዲዛይን ሶፍትዌር ለምትጠቀሙም ቮልት ቤዚክ የሚባል ተመሳሳይ ሲስተም አብሮት ይመጣል። ለባለሙያው የድካሙን ክፈሉ፣ ይገባዋል። በእጃችሁ ላለ ሶፍትዌር ግን ደግማችሁ አትክፈሉ። ደረሰኝም ተቀበሉ።

የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ፈተና ስጡት። ሌላ ባዶ ኮምፒውተር አቅርቡለት። ሲስተሙን ከባክአፑ ብቻ ዓይናችሁ እያየ ይመልሰው። ከዚያ ትልቁን አሴምብሊያችሁን ክፈቱ፤ ፓርቶቹ በሙሉ ከመጡ ብሩን ስጡት። ባክአፑ ውስጥ ዳታቤዙ፣ አርካይቩና የአርካይቭ ሰርቨሩ ሴቲንግ፣ ሦስቱም መኖራቸውን ጠይቁ። በፒዲኤም ዳታቤዝ ሲባል የፋይሎቻችሁ ብቻ አይደለም፤ ኮኒሲዮማስተርዲቢ የሚባል የሲስተሙ የራሱ ዳታቤዝም አለ። ዳታቤዙና አርካይቩ የአንድ ሌሊት ይሁኑ፤ የተለያየ ቀን ከሆኑ አይገጣጠሙም። ፓስወርዱ በውሉ ላይ የእናንተ ንብረት ተብሎ ይጻፍ፤ በርክክቡ ቀን ገብታችሁ ሞክሩት። የድሮ ፋይሎቻችሁንም ይህ ሁሉ ሳያልቅ እንዳታጠፉ።

እኛ ሲስተሙን በሌላ ባለሙያ እንደ አዲስ አስገብተናል። ባክአፑን በሁለት ዲስክ እናደርጋለን። አንዱን ዓርብ ዓርብ የሐረጎን ተራራ ወጥተን ደሴ ዘመዳችን ቤት እናስቀምጣለን። ቁጥር ብቻ የቀሩትን ፋይሎች አንድ በአንድ እየከፈትን በዓይናችን እየለየን ስም እንሰጣቸዋለን። ወንድሜ ማታ ማታ እስከ 5 ሰዓት ያመሻል። የመጨረሻዎቹ ወራት ሥራዎች ዲስኩ ላይ ጨርሶ አልተገኙም። ስለዚህ ደንበኞቻችን ግቢ እየሄድን፣ የሸጥነውን ማሽን በካሊፐር እየለካን፣ እንደገና እየሳልነው ነው።