የዙም የአስተርጓሚ ቻናል፦ የት ይሠራል፣ የት ይከዳል

ቋንቋቸው የተለያየ ሰዎችን በአንድ የቪዲዮ ስብሰባ ለማገናኘት ዙም ከተለመዱት መሣሪያዎች አንዱ ነው። የአስተርጓሚ ቻናሉ ግን ራሱ አይተረጉምም። ትርጉሙን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ ዙም የሚሰጠው ድምፃቸው የሚያልፍበትን መስመር ብቻ ነው።

አገልግሎቱ የሚገኘው በሚከፈልበት አካውንት ነው። መጀመሪያ በድረ ገጹ ሴቲንግ ላይ "ላንጉጅ ኢንተርፕሪቴሽን" ይበራል፤ የሚፈለገው ቋንቋ በዝርዝሩ ከሌለም እዚያው በስሙ ይጨመራል። ከዚያ የስብሰባው ቀጠሮ ሲያዝ የእያንዳንዱ አስተርጓሚ ኢሜይልና የሚሠራባቸው ሁለት ቋንቋዎች ይሞላሉ። ብዙ አዘጋጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ በግል የስብሰባ ቁጥር ከተያዘ አማራጩ አይሠራም፣ ዙም አዲስ ቁጥር እንዲያወጣ መተው ግድ ነው። አስተርጓሚውም በተመዘገበበት ኢሜይል ካልገባ እንደ ተራ ተሳታፊ ይቆጠራል። በመጨረሻም አስተናጋጁ ከኮምፒውተሩ "ስታርት" እስኪል ድረስ ቻናሎቹ ዝግ ናቸው።

ተሳታፊው የሉል ምልክቷን ተጭኖ ቋንቋውን ይመርጣል። የተናጋሪው ድምፅ ከአስተርጓሚው ሥር ዝቅ ብሎ ይሰማል። ይህ በጎ ነው፤ ሰውየው ተቆጥቶ ይሁን እየቀለደ ከድምፁ ይታወቃል። ለሚረበሽ ግን ዋናውን ድምፅ የሚያጠፋ አማራጭ እዚያው አለ።

አንድ ነገር ግን በሁሉም ስብሰባ ይረሳል። ቻናል መምረጥ ያለባቸው እንግዶቹ ብቻ አይደሉም፤ ዋናው ተናጋሪም የራሱን ቋንቋ መምረጥ አለበት። "ኦፍ" ላይ ከቆየ ንግግሩ ያለ ችግር ይሄድና የመጀመሪያው ጥያቄ በሌላ ቋንቋ ሲመጣ ምንም ሳይገባው ይቀራል። እያንዳንዱ ሰው በያዘው ቻናል ቋንቋ ብቻ ይናገር፤ አንዱን መርጦ በሌላው መናገር አስተርጓሚውንም አድማጩንም ያምታታል።

ደካማ ጎኖቹ ቀላል አይደሉም። በስልክ ደውሎ የገባ ሰው ቻናሎቹን አይሰማም። ትርጉሙ በዋናው ስብሰባ እንጂ ተሳታፊዎች በቡድን በሚከፋፈሉባቸው ክፍሎች ውስጥ አይሠራም። ክላውድ ላይ፣ ማለትም በዙም ሰርቨር፣ በተለመደው አሠራር የሚቀዳው ዋናው ድምፅ ነው፤ ትርጉሙን ማስቀረት የፈለገ ቻናሉን መርጦ በራሱ ኮምፒውተር ይቅዳ። አስተርጓሚዎች ጥንድ ሆነው በየ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈራረቃሉ፣ ትኩረት ከዚያ በላይ አይዘልቅም። ሆኖም በተለመደው አደረጃጀት አንዱ የሌላውን ትርጉም ስለማይሰማ፣ ለመቀባበል በሌላ ስልክ የጽሑፍ መስመር መክፈት ይኖርባቸዋል። ለዚህ ሥራ በተዘጋጀ መሣሪያ ይህ እንከን መኖር አልነበረበትም።

ከመሣሪያው በላይ ስብሰባውን የሚያበላሸው ግን ተናጋሪው ነው። ከወረቀት የሚነበብ ንግግር ለአስተርጓሚ ከሁሉ ይከብዳል፤ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር እጥፍጥፍ ነው፣ አንባቢውም ለማሰብ ቆም አይልም። ማንበብ ግድ ከሆነ ጽሑፉ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ለአስተርጓሚዎቹ ይላክ። ቁጥር ከዐውዱ ሊገመት ስለማይችል በቀላሉ ያመልጣል፤ ከነመለኪያው ቀስ ተብሎ ይነገር፣ ስክሪን ላይም ይታይ። ምህጻረ ቃል መጀመሪያ ሲነሳ ይፍታ። በአንድ ቋንቋ የቃላት ጨዋታ ላይ የቆመ ቀልድ ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ ግማሹ ሲስቅ ግማሹ የተሳቀበት ይመስለዋል።

ትርጉም ሁልጊዜ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። "ጥያቄ አለ?" ብሎ ወዲያው "እንግዲህ እንቀጥል" የሚል መሪ፣ በትርጉም የሚከታተለው ሰው ጥያቄውን ገና እየሰማ ሳለ በሩን ይዘጋበታል። በዚህ ምክንያት ውይይቱ በዋናው ቋንቋ ተናጋሪዎች እጅ ይወድቃል፣ ዝምታውም እንደ ስምምነት ይቆጠራል። መሪው የአስተርጓሚው ድምፅ እስኪያቆም ይጠብቅ፣ የመጀመሪያውንም ዕድል በትርጉም ለሚሰሙት ይስጥ። በአለቃ ፊት መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚታይበት ታዳሚ ዘንድ ደግሞ የቃል ጥያቄ መጠበቅ ከንቱ ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሰብሰብ፣ ያለ ስም ይነበብ።

ለአንድ ሰዓት ገለጻ፣ ለሥልጠና ወይም ለጠቅላላ ጉባኤ አገልግሎቱ ገንዘቡን ያወጣል። ለድርድርና ለትንሽ ቡድን ሥራ ግን አንመክረውም። እዚያ ተናጋሪው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብሎ ቆም ሲል አስተርጓሚው ተከትሎ ቢናገር ይሻላል። ጊዜው እጥፍ ስለሚሆን አጀንዳውን ከወዲሁ በግማሽ መቀነስ ነው።